ዜናው የቆረጠው ዜማ

ክላይቭ ባነርማን በጋራዡ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ አጠገቡ ሽሪምፕ የተባለ የባሕር ምግብ በአንድ ትሪ ሙሉ ነበር። የአውስትራሊያዋ ኒውካስል የጥር ሙቀት ደግሞ ለሽሪምፕም ለሬሳም አይራራም። መርማሪ ሳጅን ኖሪን ትራንተር በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የዝንቡ ጩኸት ተቀበላት፤ ግማቱ ተከተለ። በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች። ሬሳ አይቀፋትም፤ የሚቀፋት በሬሳው ዙሪያ የምታገኘው የሰው ጉድ ነው። ያን ቀን ግን ሁለቱም ተባብረው ጠበቋት።

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የሟቹ ፎቶግራፍ ነበር። ክላይቭ ጊታር ይዞ፣ ክላይቭ በኖቢስ የባሕር ዳርቻ፣ ክላይቭ ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶ። ከሚስቱ ጋር የተነሣው አንድም የለም። መሀል ላይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ አንድ ሸክላ ተሰቅሏል፦ «ንጋት በኖቢስ»፣ ሶልትቡሽ አራት ባንድ፣ የከተማው አንደኛ፣ 1963። ዘፋኝ የሌለው፣ በጊታርና በድራም ብቻ የተሠራ ዜማ ነው። ኖሪንም በልጅነቷ ጨፍራበታለች። ሰውዬው ግን አንደኛ ከወጣባት ከዚያች አንዲት ሳምንት ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ያንኑ ሲያመነዥክ ኖሯል።

የተመታው በማይክሮፎን መቆሚያ ነው። ከባዱ የብረት እግር በደም ተለውሶ እዚያው ወድቋል። ኖሪን መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ ዞር ዞር ስትል መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ ዐይኗን ያዘው። መብራቱ በርቷል፤ ድምፅ ግን የለውም። ጎንበስ ብላ አየችው። የድምፁ መዘውር እስከ መጨረሻው ወደ ታች ተጠምዝዟል።

«ከዚህም ላይ አሻራ አንሣልኝ» አለችው የአሻራ ባለሙያውን።

«ከሬዲዮ ላይ? ገዳዩ ዘፈን ሊመርጥ መጣ እንዴ?»

«አንተ አንሣ፤ ቀልዱን ለኔ ተወው።»

የሟቹ ሚስት ዳልሲ ቅዳሜ ሜትላንድ ከተማ እኅቷ ዘንድ ሄዳ ሰኞ ጠዋት ስትመለስ ነው ሬሳውን ያገኘችው። እሑድ ማታ ከእኅቷ ቤተሰብ ጋር ራት ላይ መሆኗን አንድ ገበታ ሙሉ ሰው መስክሮላታል። ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ሲጋራዋን ታጨሳለች፤ ዐይኗ ደረቅ ነው።

«ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሰማው?» አለች ኖሪን።

«ክላይቭ? እህቴ፣ ጎረቤት እስኪሳደብ ነበር የሚያስጮኸው። በተለይ እሑድ፣ ላንስ ፐርኪስ ሲያቀርብ።»

ላንስ ፐርኪስ በከተማው ሬዲዮ የሳምንቱን አርባ ምርጥ ሲያቀርብ ያረጀ ሰው ነው። ያን ሰሞን አድማጮች በፖስታ ካርድ ድምፅ ሰጥተው፣ «የዘመናት አርባ ምርጥ በመሣሪያ ብቻ የተሠሩ ዜማዎች» በሁለት እሑድ ይቀርቡ ነበር። ከአርባ እስከ ሃያ አንድ ያሉት ክላይቭ በሞተበት እሑድ ተሰምተዋል። ከሃያ እስከ አንድ ያሉት በሚቀጥለው እሑድ ይጠበቃሉ።

«ክላይቭ ላንስን በአፍንጫው ይዞት ነበር» አለች ዳልሲ ጭሱን እያቦነነች። «ያኔ በስልሳ ሦስት አንደኛ የወጣው ተሽጦለት መሰለሽ? ላንስ ሸክላ መሸጫዎቹን ስንት እንደተሸጠ ሳይጠይቅ፣ ወተት ቤት ቁጭ ብሎ በራሱ እጅ የጻፈው ደረጃ ነው። በምትኩ ስሙን ከክላይቭ ጋር በደራሲነት አስገባ። አሁን ደግሞ የኔ ጉድ 'ዳግመኛ አንደኛ ካላደረግከኝ አወጣብሃለሁ' እያለ ያስፈራራው ነበር።»

«ለዚህ ብሎ?»

«ለዚህ ብሎ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! አንደኛ መባል አማረው።» ዳልሲ የሲጋራውን ቁራጭ ሻይ ስኒ ውስጥ ደፈጠጠችው።

አጥሩን ተሻግሮ የሚኖሩት ወይዘሮ አይቪ ጋድስቢ ጠያቂ እስኪመጣላቸው ቸኩለው ነበር።

«ልጄ፣ መጀመሪያ የመርቭን ጩኸት ነው የሰማሁት። 'ሌባ!' ይለዋል። ከዚያ መኪናውን አስነሥቶ እብስ አለ።»

መርቭ ቶልኸርስት የሶልትቡሽ አራት ድራመር የነበረ ሥጋ ሻጭ ነው።

«ተመልሶ መጥቶ እንደሆነስ?»

«እኔ እንጃ፤ ጓሮ አትክልት እያጠጣሁ ነበር። ሬዲዮዬን ግን መስኮቱ ላይ አድርጌያለሁ። ልክ ከአንድ ሰዓቱ ዜና በፊት ላንስ የክላይቭን ዜማ ሲያሰማ ከጋራዡ አንድ ነገር ዱብ አለ። ሰክሮ ዕቃ ጣለ ብዬ ተውኩት። እኔን ያናደደኝ እሱ አይደለም፤ ያ የሲድኒ ዜና አንባቢ ነው! ዜማው ጣፋጩ ቦታ ላይ ሲደርስ ዘው ብሎ ገብቶ ቆረጠው። በላንስ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ብልግና ሰምቼ አላውቅም።»

ኖሪን አመስግና ወጣች። ኢንስፔክተር ሆጅ በስልክ የሰጣት ትእዛዝ ግን አጭር ነበር፦ «ሥጋ ሻጩን እስከ ነገ ማታ ክሰሺውና ፋይሉን ዝጊ። ተጣልቷል፣ ተሰምቷል፣ የት እንደነበረ የሚመሰክርለት የለም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

መርቭን የበግ ጎድን ሲቆርጥ አገኘችው። ኖሪን የእሑድ ሥጋዋን የምትገዛው ከሱ ነው።

«ሊያስሩኝ ነው አይደል?» አለ ቢላዋውን አስቀምጦ።

«እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለህ። እውነቱን ንገረኝ።»

«ሌባ ብዬዋለሁ፤ ሌባ ነዋ! ያን ዜማ በፉጨት ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሸክላው ላይ ግን የክላይቭና የላንስ ስም ብቻ ነው ያለው። 'ዘንድሮ አንደኛ ከወጣን የኔንም ስም ጥራ' አልኩት። 'ከበሮ መቺ ደራሲ አይባልም' ብሎ ሳቀብኝ። ትቼው ወጣሁና ባሕሩ ዳር መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሥጋ ፓይ በላሁ።»

«ሬዲዮ ከፍተህ ነበር?»

«አዎ። ዜማችንን ከፈተው፤ እሱንም ዜናው መሀሉ ላይ ቆረጠው። ላንስ ምን ነካው ብዬ ገረመኝ። እሱ እንኳ እንዲህ አያደርግም ነበር።» ቢላዋውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ኖሪን፣ ልጄ ቅዳሜ ታገባለች። እኔ እስር ቤት ሆኜ ማን ይድራታል?»

ኖሪን በቀጥታ ሬዲዮ ጣቢያው ወዳለበት ኮረብታ ወጣች። ከክላይቭ ቤት ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው።

ላንስ ፐርኪስ ሽቶው ቀድሞት መጣ። ጸጉሩን ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፤ በላቡ ቀልጦ ጆሮው ሥር ወርዷል። እጇን ጨብጦ አልለቅም አለ።

«ነይ የኔ ቆንጆ፣ ቁጭ በዪ። ምስኪን ክላይቭ! ጋራዡን እንኳ አይቼው አላውቅም፤ እግሬ ደርሶ አያውቅም፤ ወዳጅነታችን ግን ትልቅ ነበር።»

ኖሪን እጇን አስለቅቃ ጉልበቷ ላይ ጠረገችው። «እሑድ ማታ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚችው ወንበር ላይ፣ ብቻዬን። ከተማው ሁሉ ድምፄን ሲሰማ ነበር። ደግሞ ለምን እጎዳዋለሁ? በሚቀጥለው እሑድ አንደኛ የሚወጣው እኮ የሱ ዜማ ነው።»

«ከዜናው በፊት ለምን ዘፋኝ የሌለው ዜማ ታሰማላችሁ?»

ላንስ ፊቱ በራ። ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሲያገኝ ዓለሙን ይረሳል። «ዘፋኝ አፉን ከፍቶ ሳለ ብትቆርጪው አድማጭ ይሰድብሻል። መሣሪያ ግን አይናገርም፤ የትም ብትቆርጪው ዝም ነው። ዜናው ከሲድኒ በራሱ ሰዓት እየተከፈተ ይገባል፤ ማንንም አይጠብቅም። ሰነፎቹ ያስቆርጣሉ። እኔ ግን ወደ ኋላ አስልቼ ነው ሸክላውን የማስነሣው። የመጨረሻዋ ድምፅ ስትጠፋ የዜናው ደወል ጢን! ዜና ዜማ ቆርጦብኝ አያውቅም።»

«ዜማው ቀድሞ ቢያልቅስ?»

ሰውየው እባብ ያየ ያህል ዘገነነው። «በአየር ላይ ዝምታ? እሱንስ ሞት ይሻላል!»

ኖሪን ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገባች። መስኮቱን እስከ ታች ከፈተች፤ የላንስ ሽቶ ግን ከመዳፏ አልወጣም። ማን እንደገደለ ዐውቃለች፤ ለምን እንደገደለም ተረድታለች። ከሁሉ የቀፈፋት ግን ምክንያቱ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ስቱዲዮ ሰበሰበቻቸው። ዳልሲ ሲጋራዋን ይዛ፣ መርቭ ባርኔጣውን እየጨመደደ፣ ላንስ በወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ኢንስፔክተር ሆጅ በሩ ላይ ቆሞ።

«ፈጠን በዪ» አለ ሆጅ።

«ከሬዲዮው ልጀምር» አለች ኖሪን። «ክላይቭ እሑድ እሑድ ያስጮኸው ነበር። እኛ ስናገኘው በርቷል፤ ድምፁ ግን ጠፍቷል። ክላይቭ የሚወደውን ፕሮግራም ድምፅ አያጠፋም። ያጠፋው የገባው ሰው ነው። ሬዲዮ ቢጮህ ምን ይጎዳዋል? እንዲያውም ጫጫታው ይሸፍነዋል። አንድ ሰው ብቻ ነው ሬዲዮው የሚያሳጣው፤ በሬዲዮ እየተናገረ በአካል በሩ ላይ የቆመ ሰው።»

ላንስ ሳቀ። «እኔ አየር ላይ ነበርኩ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ድምፅህ ነበር አየር ላይ» አለችው። አንቱታው ቀረ። «ጣቢያው የሚያሰራጨውን ሁሉ በሕግ ቀድቶ ያስቀምጣል። ስሙት።»

ቴፑን ከፈተችው። የላንስ ለስላሳ ድምፅ አለፈ፤ «ንጋት በኖቢስ» ተከተለ። ጊታሩ ወደ ላይ ወጣ፣ ድራሙ ተነሣ፣ ከዚያ ዜና አንባቢው መሀሉ ላይ ዘው ብሎ ጣልቃ ገባ።

«ዜና ዜማ ቆርጦብኝ አያውቅም ብለኸኛል። ወይዘሮ ጋድስቢ ገረማቸው፤ መርቭም ገረመው። እዚህ ወንበር ላይ ብትኖር ኖሮ የመጨረሻዋ ድምፅ ከደወሉ ጋር በገጠመች ነበር። አልነበርክም። ንግግርህንም ዜማዎቹንም ቀድመህ በቴፕ ቀድተህ፣ ቴፑን ለቀህ ወረድክ። ቴፕ ሊፈጥን፣ ሊዘገይ ይችላል፤ የሚያስተካክለው ሰው የለም። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ነበረህ። አጠር አድርገህ መጨረሻው ላይ ትንሽ ዝምታ ትተዋለህ፤ ወይም ትርፍ ዜማ ጨምረህ ዜናው እንዲቆርጠው ታደርጋለህ። ዝም ብትል ኖሮ ሰዉ መሣሪያ ተበላሸ ብሎ ይረሳው ነበር። አንተ ግን በአየር ላይ ዝምታ መተው አልሆነልህም። ሰው ልትገድል ስትሄድ እንኳ አልሆነልህም።»

ላንስ ከንፈሩን ላሰ።

«ይህ ግምት ነው። አንደኛ ላደርገው የወሰንኩትን ሰው ለምን...»

«አንደኛ የሚወጣ ዜማ ከሳምንት በፊት ለዜና መሙያ ይጣላል? ለበዓል ያስቀመጡትን ሙክት ማን በአዘቦት ያርደዋል? ያን ዜማ ከዜና በፊት የጣልከው በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ ነው። ግምት ከሆነም ይኸው፤ ከሬዲዮው መዘውር ላይ የተነሣው አሻራ እዚህ ወንበርህ ላይ ከተነሣው የቀኝ አውራ ጣትህ ጋር ገጥሟል። ጋራዡን አይቼው አላውቅም ብለኸኛል።»

ሆጅ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። ላንስ የጸጉሩን ቀለም ያቀለጠው ላብ አገጩ ላይ ሲደርስ በእጅጌው ጠረገው።

«ላነጋግረው ብቻ ነው የሄድኩት» አለ።

«ለመነጋገር ስልክ አለ» አለች ኖሪን።

«አልሰማኝም! አንደኛ ካላደረግከኝ አለ። ያኔ በስልሳ ሦስት ዋሽቻለሁ፤ ይኼኛውን ግን እኔው ነኝ ካርድ በካርድ የቆጠርኩት። ንጹሕ ዝርዝር ነው። በሕይወቴ አንድ እውነተኛ ደረጃ ልተው ፈልጌ ነበር። እሱን እንዳበላሽ ጠየቀኝ!» ቅሬታው የምር ነበር።

ኖሪን ክፉ ሰው አጋጥሟት ያውቃል። ሰው ገድሎ በዝርዝሩ ንጽሕና የሚኮራ ግን አጋጥሟት አያውቅም። «ውሰዱልኝ» አለች። «ከፊቴ ውሰዱልኝ።»

ካቴናው ሲገባለት መርቭ ከወንበሩ ብድግ አለ። ባርኔጣው በእጁ ላይ ተጨማድዷል።

«ላንስ፣ አንደኛ ባንወጣም፣ ከሃያው ውስጥ አለን አይደል?»

ላንስ ዞር ብሎ አየው። «አንድ ካርድ ነው የመጣላችሁ፣ መርቭ። አንድ።»

«አንድ?»

«የባልሽ ይሆናል» አለች ኖሪን ወደ ዳልሲ ዞራ። ዳልሲ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እኔ ምን ሆኜ እሰጠዋለሁ? ሃያ ዓመት ሰምቼው የለ!»

መርቭ መልሶ ቁጭ አለ። «እኔም ለሌላ ነው የሰጠሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ተናድጄበት ነበር።»

«መርቭ፣ በቃ፣ ነፃ ነህ» አለችው ኖሪን። «ወደ ቤትህ ሂድ። ልጅህን ዳር።»

የሰማት አይመስልም። ዐይኑ በቆመው ቴፕ ላይ ነበር።

«ብሰጠው ኖሮ» አለ፣ «ሁለት ይሆንለት ነበር።»