ጎልያድ ስንት ጊዜ ሞተ?

መምህር ሕዝቅያስ ሞተው የተገኙት ከትርጉም ቤቱ ጓሮ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ ቡናው መሐል ነበር። በግንባራቸው ተደፍተዋል። ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ከባጃጅ ወርዳ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተች ስትደርስ አንድ ፖሊስ አስከሬኑ ላይ ላስቲክ ይዘረጋ ነበር። ካፊያው ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

«ምን ነክታችኋል?» አለች።

«ምንም፣ ኢንስፔክተር።»

አላመነችውም። ጭቃው ላይ የነበረው ዱካ ሁሉ በሰው እግር ተቦክቷል።

ሟቹን ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። የቤንች ተወላጅ ናቸው፤ ዕብራይስጥ ተምረው ተመልሰው፣ ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር የሳሙኤልን መጻሕፍት ወደ ቤንችኛ ሲተረጉሙ ዓመታት አልፈዋል። ሥራው አልቆ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ቀናት ቀርተውት ነበር።

በመጀመሪያ ቃሏን የሰጠችው ጎረቤቲቱ ተሾመች ናት። ካፊያው ሲጀምር ልብስ ልትሰበስብ አጥሯ ሥር ቆማ ነበር።

«አሞጽ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ወጣቱ ተርጓሚ። ጮኸባቸው፤ ጀርባቸውን ሲያዞሩበት ትከሻቸውን ገፋቸው፤ ወደቁ። እሱም ወደ ወንዙ ሮጠ።»

«በእጁ ምን ይዞ ነበር?»

«ምንም።»

«ዱላ? ድንጋይ?»

«ባዶ እጁን ነው አልኩዎት እኮ! ሁለቱንም መዳፎቹን አይቻለሁ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ተሾመች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ፈራሁ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።»

ሁለተኛዋ ምስክር ወለተሥላሴ፣ የትርጉሙን ጽሑፍ በኮምፒውተር የምትጽፈው ናት። ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው እዚህ የከተሙ፣ እሷም እዚሁ የተወለደች የኦርቶዶክስ ልጅ። ከወጥ ቤቱ መስኮት ሆና አይታለች።

«ያየሁት የሰው ጀርባ ነው። ሰማያዊ የዝናብ ልብስ ለብሷል። ዱላ ነገር ከፍ አድርጎ ወደ መሬት መታ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«እባብ የሚገድል መስሎኝ! ጓሯችን እባብ አይጠፋውም። ቡናው ስለሚጋርድ ከወገቡ በታች አይታየኝም ነበር። ጋሽ ሕዝቅያስ እዚያ መኖራቸውንም አላወቅኩም።»

«ሰውየው አሞጽ ነው?»

«ልብሱን ቢሮው ነው የሰጠን፤ ሁላችንም አለን። ማን እንደሆነ እንዴት ልወቅ?»

ሰርካዲስ ጥርሷን ነከሰች። አንዷ ባዶ እጅ፣ ሌላዋ ዱላ። ሁለቱም ይምላሉ።

ሦስተኛው አቶ ሚካኤል፣ የሥራው አስተባባሪ ነበር። ልብሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። ቢሮው ወደ መንገዱ ስለሚያይ ምንም እንዳላየና እንዳልሰማ፣ ከቢሮውም እንዳልወጣ ተናገረ። «አባቴን እንዳጣሁ ነው የሚሰማኝ» አለና አቀረቀረ።

ስትወጣ በረንዳው ላይ፣ ከበሩ ጎን የቆመ ከዘራ ዓይኗን ያዘው። ከባድ ጥቁር እንጨት ነው፤ ጫፉ ብረት።

«የማን ነው?»

«የጋሽ ሕዝቅያስ» አለች ወለተሥላሴ። «ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለሱ አይራመዱም። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያቆሙት።»

ሰርካዲስ አነሳችው። ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነው፤ ብረቱ ላይ ግን የጭቃ ምልክት እንኳን የለም። ያለ ከዘራ የማይራመዱ ሽማግሌ በዚያ በሚያዳልጥ ደረጃ እንዴት ወረዱ? ይዘውት ከወረዱስ ማን መለሰው?

አሞጽ የተያዘው ከወንዙ ማዶ፣ እስከ ወገቡ እንደራሰ፣ ወደ ቱም ከተማ የሚሄድ መኪና ሲጠብቅ ነው። አልሸሸም፤ አልካደም።

«ገድያቸዋለሁ» አለ። ከሃያ ዓመት ብዙም ያልዘለለ፣ ቀጭን ልጅ ነው። «ጋሼን ገደልኳቸው።»

«በምን?»

«በእጄ። ገፋኋቸው። ግንባራቸው ደረጃው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። አልተንቀሳቀሱም።»

«ከዘራቸውን አልነካህም?»

«ለምን እነካዋለሁ? ከእጃቸው ወድቆ አጠገባቸው ነበር። ወንዙን ተሻግሬ ሮጥኩ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«እናቴ ቱም ታማ ተኝታለች። መጽሐፉ በቋንቋዋ ሲነበብላት ሰምታ እንድትሞት ቃል ገብቼላት ነበር። ጋሼ ዛሬ ‹ኅትመቱ ይቁም፤ እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እናገራለሁ› አሉ። ለመንኳቸው። ‹የተበላሸ ነገር አላሳትምም› አሉኝ። በአንድ ቃል ምክንያት! በቃ፣ ራሴን አላወቅኩም።»

ገና ሳይመሽ አለቃዋ ኮማንደር ታፈሰ ደወለ። «አምኗል አይደል? ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጌታዬ፣ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሁለት ቁስል አግኝቷል። ግንባራቸው ላይ ያለው አብጦ ነው የተገኘው፤ ከዚያ በኋላ ቆይተዋል ማለት ነው። የገደላቸው ከኋላ ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ነው። ልጁ ግን ባዶ እጁን ነበር።»

«እንግዲህ ከሴቶቹ አንዷ ተሳስታለች። የተሳሳተችውን ተዪና መዝገቡን ዝጊ።»

«የትኛዋን ልተው?»

«የፈለግሽውን!» ስልኩ ተዘጋ። ሰርካዲስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሰው በገዛ አፉ አምኖ እንኳን ነገሩ አልገጥም ይላል።

በማግስቱ ወደ ትርጉም ቤቱ ተመለሰች። የሴቶቹ ቃል በግቢው ሁሉ ተወርቶ አልቋል። ሚካኤል በረንዳው ላይ በአክብሮት ተቀበላት።

«ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲጨነቁ አያለሁ። የሚጋጩ የሚመስሉ ቃላትን ማስታረቅ የእኔ ሥራ ነው። እዚህ ምንም ግጭት የለም። አሞጽ መጀመሪያ በባዶ እጁ ገፋቸው፤ ተሾመች ያየችው ይሄንን ነው። እሷ ቤቷ ከገባች በኋላ ተመልሶ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳሉ ከዘራቸውን አንስቶ ከኋላ መታቸው፤ ወለተሥላሴ ያየችው ደግሞ ይሄንን። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል።»

ሰርካዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለች። ነገሩ ያለ ስንጥቅ ገጥሟል። ቃሉን አስፈርማ ለመሄድ ተነሳች። ነገር ግን ደስ አላላትም። በንዴት ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች። ወለተሥላሴ ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች።

«አሞጽ ‹በአንድ ቃል ምክንያት› ብሎኛል። የትኛው ቃል ነው?»

«ብዙ ነው፣ ኢንስፔክተር። የጎልያድን ታሪክ ያውቁታል?»

«ዳዊት በወንጭፍ ገደለው።»

«አዎ። አንዱ ቁጥር በድንጋይ መትቶ ገደለው፣ በእጁም ሰይፍ አልነበረም ይላል። የሚቀጥለው ደግሞ ሮጦ የራሱን የጎልያድን ሰይፍ መዞ ገደለው ይላል።»

«አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሞታል?»

«አቶ ሚካኤልም እንደዚያው ብሎ፣ የፊተኛውን ‹ገደለው› አውጥቶ ‹ጣለው› ብሎ ተካው። ጋሽ ሕዝቅያስ ግን ዕብራይስጡ ላይ የሁለቱ ግሦች ሥር አንድ ሆኖ መልካቸው ይለያያል፤ ሁለተኛው ወድቆ ያለውን መጨረስ ነው ይሉ ነበር። ‹ሁለቱንም እንዳሉ አስቀምጧቸው፤ አንባቢ ሞኝ አይደለም› ይላሉ።»

«ሌላስ?»

«የሁለተኛ ሳሙኤል መጨረሻ አካባቢ ጎልያድን የገደለው ኤልያናን የሚባል ሰው ነው ይላል። ዜና መዋዕል ላይ ደግሞ ኤልያናን የገደለው የጎልያድን ወንድም ነው። ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አቶ ሚካኤል ‹ወንድም› የሚለውን ከዚያ አምጥቶ ለማንም ሳይናገር ሳሙኤል ውስጥ ከተተው። ጋሽ ሕዝቅያስ እንዲህ ያለ ብዙ ቦታ አግኝተውበታል።»

«ታዲያ ነገሩ የሚስማማ ከሆነ አንድ ቃል ቢጨመር ምን አለበት?»

ወለተሥላሴ የተሰደበች ያህል ቀና አለች። «ጽሑፉ ውስጥ የለማ! ያልተጻፈውን ከየት አመጣው?»

ሰርካዲስ ሚካኤል የፈረመበትን ወረቀት አወጣችና ቆማ አነበበችው። ከዚያ ቁጭ ብላ እንደገና አነበበችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ተሾመች፣ ወለተሥላሴ፣ ሚካኤል፣ በካቴና የታሰረው አሞጽ። ኮማንደር ታፈሰ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ከሁለት ሴቶች አንዷን እንድተው ተነግሮኝ ነበር» ብላ ጀመረች ሰርካዲስ። «አልተውም። ተሾመች ባዶ እጅ አይታለች። ወለተሥላሴ ዱላ አይታለች። ሁለቱም ያዩት ልክ ነው፤ ያዩት አንድ ሰው ነው ብለን ያሰብነው እኛ ነን።»

«ሁለት ሰው?» አለ ኮማንደሩ።

«አሞጽ ገፍቶ ጣላቸው፤ የሞቱ መስሎት ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ከዘራው ግን ታጥቦ ቦታው ላይ ቆሞ ተገኘ። እስከ ወገቡ ርሶ ማዶ የተያዘ ሰው ተመልሶ ከዘራ አያጥብም። ተሾመች ከግቢው ውጪ ናት፤ አጥሩ በር የለውም። ስለዚህ ያጠበው ከዚህ ቤት ሰው ነው።»

ወለተሥላሴ ደነገጠች። «እኔ...»

«አንቺ ዱላ አየሁ ባትዪ ኖሮ ሁላችንም ልጁ ገድሏል ብለን ወደ ቤታችን በሄድን ነበር። ጥፋተኛ ብትሆኚ ያንን አትናገሪም።» ወደ ሚካኤል ዞረች። «አቶ ሚካኤል፣ የሁለቱን ቃል ያስታረቁልኝ እርስዎ ነዎት።»

«ልረዳዎት ብዬ ነው።»

«‹ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳሉ› ብለዋል። ይህን ከማን ሰሙ?»

«ከ... ከምስክሮቹ።»

«ተሾመች፣ ሲቀመጡ አይተሻል?»

«አላየሁም። ሲወድቁ ነው ያየሁት።»

«ወለተሥላሴ?»

«ጭራሽ አላየኋቸውም።»

«አሞጽ?»

«አልተንቀሳቀሱም ነበር» አለ አሞጽ በቀስታ።

«ሐኪሙ ግን ቁጭ ብለው እንደነበር ቅድም ነገረኝ» አለች ሰርካዲስ። «የግንባራቸው ደም በአፍንጫቸው በኩል ቀጥ ብሎ ወርዶ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አርሷል። ተኝተው ቢሆን ወደ ጎን ይፈስ ነበር። ነቅተው ተነስተዋል፤ ተቀምጠዋል። ይህን እኔ እንኳን እስከ ቅድም አላወቅኩም። ቢሮዬ ነበርኩ ያሉት ሰውዬ ግን ዛሬ ጠዋት፣ ገና ሳይነገረኝ ያውቁ ነበር። ታሪኩ እንዲገጥም ሲሉ፣ ከማንም ምስክር አፍ ያልወጣ ቃል ጨመሩበት።»

ሚካኤል እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» አለ፤ ድምፁ ተቆጣ እንጂ አልተሸበረም። «ገበሬው መጽሐፉን ከፍቶ ‹እርስ በርሱ ይጋጫል› ብሎ እንዳይስቅበት ነው የደከምኩት። ዕድሜዬን ሰጥቼዋለሁ! እሑድ በሽማግሌዎች ፊት አጭበርባሪ ሊሉኝ ነበር። ጩኸት ሰምቼ፣ ቆየት ብዬ ስወጣ ተቀምጠው ደማቸውን ይጠርጋሉ።»

«ምን አሉ?»

«‹ከዘራዬን አቀብለኝ› አሉኝ። አነሳሁላቸው። ‹አሞጽንም ጥራልኝ፤ ልጁ ደንግጦ ነው፣ ወንዙ እንዳይወስደው› አሉ።»

አሞጽ ካቴናው እየተንቃጨለ ተነሳ። «ሌላስ? ሌላ ምን አሉ?»

«ሌላ እስኪሉ አልጠበቅኩም» አለ ሚካኤል።

ኮማንደሩ ራሱ መጥቶ አሰረው። «ጎበዝ» አለ በሰርካዲስ አጠገብ ሲያልፍ። ሽማግሌው ደማቸውን እየጠረጉ የተቀመጡበት ያ ጊዜ ከሐሳቧ አልወጣ አላት፤ በዚያች ሰዓት ከሁለት ሴቶች አንዷ ብትወጣ ኖሮ። ተሾመችም ይህንኑ ሳታስብ አልቀረችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች።

ሰርካዲስ የአሞጽን ካቴና ፈታች። «ስለገፋሃቸው ትጠየቃለህ» አለችው። «አልገደልካቸውም። ግን ትጠየቃለህ።»

«እሺ።» የእጁን አንጓ እያሸ ቆየ። «ለእናቴ ልደውል?»

ስልኳን ሰጠችው። መስኮቱ ጋ ቆሞ በቤንችኛ ጥቂት ተናገረ፤ ድምፁ ተሰበረ፤ እንደገና ተናገረ። ሰርካዲስ ቋንቋውን አታውቅም።

«ምን አላት?» ብላ ወለተሥላሴን ጠየቀች።

ወለተሥላሴ ዓመታት ስትጽፈው የኖረችውን ቋንቋ አዳምጣ ዓይኗን ጠረገች።

«‹መጽሐፉ ገና ነው፣ እማ፤ ጠብቂኝ› አላት።»