ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ርዕሶች

ዴርሊስ መጀመሪያ ቢሯችን የመጣው ሊወቅሰኝ ነው። እንዲህ ስል ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

አሱንሲዮን ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ አሳታሚ ድርጅት፣ በስልክ የሚነበቡ መጻሕፍት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ያን ሰሞን አንድ ወፍራም የወንጀል ሕግ መጽሐፍ አውጥቼ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዓይነ ስውር ነጭ በትር የያዘ ረጅም ወጣት በሩን አንኳኳ።

«ይህን መጽሐፍ የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፤ ምነው?»

«ነጥብ ይወዳሉ መሰለኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ማውጫውን አስነበበው። «ምዕራፍ አንድ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ...» ስልኩ እቴ፣ አይታክተው! በስንት ጊዜው «ዘጠኝ» አለ።

«ዘጠኝ የገጹ ቁጥር ነው» አልኩት ቆጣ ብዬ።

«እዚህ ስልክ ውስጥ ገጽ የታለ? ስነካውም የትም አይወስደኝም። አንድ ምዕራፍ ለማግኘት ወይ ከመጀመሪያው ጀምሬ መስማት አለብኝ፣ ወይ እህቴን መለመን።»

ከአሥራ አራት ቀን በኋላ ለተከላካይ ጠበቃነት በሕዝብ ፊት ይፈተናል። መጽሐፍ መያዝ ተፈቅዷል። ሌላው ሲያገላብጥ እሱ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው።

«ሰው እንዲገልጥልኝ አልፈልግም» አለ። «ራሴ ልግለጠው።»

መጽሐፉን ኮምፒዩተሬ ላይ ከፈትኩት። ርዕሶቹን ፊደላቸውን አግዝፌና አድምቄ ነበር የተውኳቸው፤ ለሚያይ ሰው ያምራል። ለማሽኑ ግን «ይህ ርዕስ ነው» ብዬ አንዱንም አልነገርኩትም። ማውጫውንም ከነነጥቡ በእጄ ነው የጻፍኩት። ልጁ እውነቱን ነው።

«ነገ ይምጡ» አልኩት።

መጣ። በየቀኑም ይመጣ ጀመር። እኔ ምዕራፉን በምዕራፍነቱ፣ ንዑስ ርዕሱን በንዑስነቱ ምልክት እያደረግኩ ማውጫውን እንደ አዲስ አወጣለሁ፤ እሱ ጓሮ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ይሞክረዋል። በረዶ የገባበት ቴሬሬ የሚባል የቅጠል ሻይ ከአንድ ዋንጫ እየተቀባበልን እንጠጣለን። «እርስዎ» መባባሉ በሦስተኛው ቀን ቀረ።

«ምዕራፍ ሰባት፣ ምዕራፍ ስድስት ሆድ ውስጥ ገብቷል» ይለኛል።

«አንተ ደግሞ! ቺፓ ዳቦህን ብላና ዝም በል።»

«ስትቆጪ ደስ ትይኛለሽ። ድምፅሽ ይቀጥናል።»

ያን ዕለት ፊቱን ሳየው ቆየሁ። አያውቅብኝም ብዬ ነበር። «ምን ታያለሽ?» ሲለኝ ልቤ ዘለለ። ወደድኩት፤ ምን ልደብቅ!

ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ «ምናልባት ማውጫው ባይሠራ፣ አብሬህ ልግባና ልፈልግልህ?» አልኩት። ዋንጫውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አዘንሽልኝ?»

«ኧረ በጭራሽ! እኔ እኮ...»

«አንቺም እንደ ሌላው ነሽ፣ ኒምያ። ፈተናው ላይ እንዳትመጪ።»

ሄደ። አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን በሻሽ አስሬ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ርዕሶች አንድ በአንድ በጆሮዬ ሞከርኳቸው። አለቃዬ ዶንያ ሱኒልዳ «ልጄ፣ አበድሽ እንዴ?» አለችኝ። አንዱም ሳይስት እያንዳንዱ ቦታው አደረሰኝ። መጽሐፉን ያለ አንድ ቃል ላኩለት።

የፈተናው ቀን አላስቻለኝም፤ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሦስት ተፈታኞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ስለ ተያዘ ሰው መብት ጠየቀች። ዴርሊስ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ጣቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰ። ጎረቤቱ ገና ገጽ ሲያገላብጥ እሱ አንቀጹን ጠቅሶ መልስ ጀመረ።

«እሰይ!» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ።

«ይህን ያህል ቶሎ ማን አገኘልዎት?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ራሴ፣ ክብርት ሰብሳቢ። መንገዱን የሠራችልኝ ግን እሰይ ያለችው ናት። አትምጪ ብዬ አስቀይሜያት ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ባልፍም ብወድቅም ላገባት እፈልጋለሁ። እሷ ገና አልሰማችም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ወደ እኔ ተመለከተች።

«ልጄ፣ ሁለተኛው ጥያቄ እየጠበቀን ነው፤ ቶሎ መልሺለት።»

ተነሳሁ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

«እሺ!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።