ፊሽካ የማይነፋበት ሜዳ

አሰልጣኝ በላይነህ ከሐይቁ በኩል ካለው ጎል ጀርባ፣ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቶ፣ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። አርብ ጠዋት ነበር። ጉሙ ከአዋሳ ሐይቅ ላይ ገና አልተነሳም፤ አባ ኮዳ የሚሉት አንድ ትልቅ ወፍ ከጎሉ አግዳሚ ላይ ቆሞ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቷል። የመረቡ አንድ ማዕዘን ካስማው ተነቅሎ በነፋሱ ይውለበለባል።

የፖሊሱ መርማሪ መቶ አለቃ ይልማ ሬሳው ሲገለበጥ አጠገቡ ተንበረከከ። መጀመሪያ ያየው የሟቹን ፊት አልነበረም፤ ከሥሩ የነበረውን መሬት ነው። አፈሩን ቆንጥሮ በጣቶቹ አሸው። እንደ ዱቄት ደረቅ ነው። የሟቹ ሸሚዝ ግን ከጀርባው በኩል እስካሁን ርጥብ ነበር። ቀጥሎ አንገቱን አየ። ፀሐይ ባጠቆረው ቆዳ ዙሪያ አንድ ቀጭን፣ ነጣ ያለ መስመር ዞሯል፤ ለዓመታት ገመድ አንጠልጥሎ የኖረ ሰው አንገት።

«ፊሽካው የት ሄደ?» አለ።

«ገዳዩ ወስዶት ይሆናላ፣ ጓድ መቶ አለቃ» አሉ የኮሌጁ ዲን አቶ ገብረየስ። «እሱም ቢሆን ተይዟል። በረኛው ኩማ ነው። ትናንት ተማሪው በሙሉ ከእኔ ጋር የፖለቲካ ትምህርት ስብሰባ ላይ ነበር። ያ ዝናብ የጣለው እዚያው ሳለን ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ዝናቡም አባርቶ ነበር። ከዚያ ሊመሽ ሲል ሁላችንም የበላይነህን ፊሽካ ሰማን፤ እስከዚያ በሕይወት ነበረ ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሌሎቹ ተጫዋቾች መኝታ ቤት ናቸው። ኩማ ብቻ ከሜዳው እየሮጠ ሲወጣ ታይቷል።»

«ማን አየው?»

«ረዳት አሰልጣኙ ታምሩ። ለደህንነት ቢሮ ደውያለሁ፤ ከሰዓት በኋላ መኪና ይመጣል።»

ይልማ ያ መኪና ሰው ሲወስድ እንጂ ሲመልስ አይቶ አያውቅም።

ኩማ በተቆለፈበት የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ በኳሶች መካከል ተቀምጦ ነበር። ረጅም፣ እጆቹ ከሰውነቱ ቀድመው ያደጉ የሚመስሉ ልጅ ነው።

«አሰልጣኙን ትጠላው ነበር?»

«ጋሼ በላይነህን? አምና ተመልካቹ ‹ወንፊት› ነበር የሚለኝ። ዘንድሮ እሳቸው ከመጡ ወዲህ አንድም ጨዋታ አልተሸነፍንም። እሁድ ለዋንጫ እንጫወታለን» አለና ቆም ብሎ «እንጫወት ነበር» ሲል አስተካከለ።

«ታዲያ ከሜዳው ለምን ሮጥክ?»

«ለልምምድ ሲዘገዩብን ልፈልጋቸው ሄድኩ። ፊሽካ ሰማሁ።»

«ተጫዋች ፊሽካ ሲሰማ ወደ ሜዳ ይሮጣል። አንተ ከሜዳ ትሸሻለህ?»

ልጁ በጠባቧ መስኮት ወደ ሐይቁ አየ።

«ሙሴ ነው የነፋው» አለ በሹክሹክታ።

ሙሴ ከእሱ በፊት የነበረው በረኛ ነው፤ ገላውን ሲታጠብ ሐይቁ ወሰደው ተብሎ አምና የተቀበረ።

ይልማ ወደ መምህራን ክበብ ሄደ። ክበቡን የሚያስተዳድሩት ወይዘሮ አስካለ ብርጭቆ ሲያደርቁ አገኛቸው።

«ፊሽካውን ከወዴት ሰሙት?»

«ከወዴት ልበልዎ፣ ከጓሮዬ የተነፋ ነው የመሰለኝ። ብርጭቆው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ታምሩ ገባ። ‹ሰውየው ዛሬም ልጆቹን በልምምድ ሊገድላቸው ነው› ብሎ ሳቀ። ሳምንቱን ሙሉ ለለቅሶ ይርጋለም ከርሞ መመለሱ ነው፤ አውቶቡሱ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው ያወረደኝ አለ። ኮቱ ውኃ በውኃ ሆኖ ፎጣ ሰጠሁት።» የሚያደርቁትን ብርጭቆ ይዘው ቆሙ። «ካባራ በኋላ ነው ያለኝ?»

«እኔም እሱን እያሰብኩ ነው» አለ ይልማ።

ተጫዋቾቹ መኝታ ቤት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ፊሽካውን ሰምተው ለምን እንዳልወጡ ሲጠይቃቸው ሁሉም ወለሉን አዩ። ይልማ ባርኔጣውን አወለቀና ከአንዱ አልጋ ጫፍ ተቀመጠ።

«በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ አለኝ። ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ የለም። አንዳንዴ በሩ የተንኳኳ ይመስለኝና ወጥቼ አያለሁ። ማንም የለም። እናንተ በሰማችሁት አልስቅም» አላቸው። «ኩማን ግን መኪና ሊወስደው ነው።»

የቡድኑ አምበል ካሳሁን ቀና አለ። «ያወቅነውን ብንናገር እኛም እንጠየቃለን?»

«ትጠየቁ ይሆናል።»

ካሳሁን ጓደኞቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ተናገረ።

መኪናው መጥቶ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲቆም፣ ይልማ ሁሉንም ከጎሉ ጀርባ ሰብስቦ ነበር፤ ዲኑን፣ ወይዘሮ አስካለን፣ ታምሩን፣ ተጫዋቾቹን፣ እጁ የታሰረውን ኩማን።

«አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ጓድ ታምሩ» አለ። «በላይነህ ልምምድ በምን ነበር የሚያስጀምረው?»

«በምን ይሆናል? በፊሽካ ነዋ።»

ከልጆቹ መካከል አንዱ ፊቱን በማልያው ሸፈነ። ይልማ ወደ ኩማ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ኩማ የታሰሩ እጆቹን አንስቶ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ተጫዋቾቹ ሳያስቡት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ።

«ከመሬቱ ልጀምር» አለ ይልማ። «ከሬሳው ሥር አፈሩ ደረቅ ነበር፤ ሸሚዙ ግን ከጀርባው በኩል ረጥቦ ነበር። ስለዚህ የሞተው ከዝናቡ በፊት ነው። ዝናቡ ሲጥል ኩማ ስብሰባ ላይ፣ በዲኑ ዓይን ሥር ነበር። ፊሽካው የተነፋው ከዝናቡ በኋላ ነው። ማን ነፋው?»

«እኔ ሙት ይነፋል አላልኩም» አለ ታምሩ።

«አልነፋም። በላይነህ በሕይወትም ቢሆን አይነፋም ነበር። ያለፈው እሁድ የሙሴ ሙት ዓመት ነበር። ልጆቹ የዚያን ዕለት ለአሰልጣኛቸው አንድ ነገር ነገሩት። ሙሴ ገላውን አልታጠበም። ጎል ገብቶበት ኳሷ ሐይቅ ገባች፤ ዋና አይችልም፤ አምና ልምምዱን ይመራ የነበረ አንድ ሰው ግን ‹ሄደህ አምጣ› እያለ ፊሽካውን ነፋበት። ሲፈራ ነፋበት። ውኃው ደረቱ ሲደርስ ነፋበት። ልጆቹ ዝም ያሉት ከቡድን የተባረረ ከኮሌጅ፣ ከኮሌጅ የተባረረ ለውትድርና እንደሚሄድ ስለተነገራቸው ነው። በላይነህ ይህን ሲሰማ ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ ሐይቅ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሜዳ በጭብጨባ ነው የሚሠራው። ልጆቹ ፊሽካ ሲሰሙ ሙሴ ከሐይቁ የነፋው መስሏቸው አልጋቸው ሥር የተደበቁት ለዚህ ነው።»

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ፊሽካው መቅረቱን የማያውቅ የቡድኑ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ይርጋለም የከረመው። ከዝናቡ በኋላ ደረስኩ ብሏል፤ ኮቱ ግን ዝናቡን ቀምሷል። በላይነህን እዚህ ገድሎ፣ ዝናቡ እስኪያባራ በሐይቁ ዳር ያለው ሸንበቆ ውስጥ ቆየ። ከዚያ ሟቹ በሕይወት እንዲመስል ከክበቡ ጓሮ ነፍቶ እየሳቀ ገባ።»

ታምሩ ፊቱን ከልጆቹ አዞረ። ወደ ሸንበቆው ነው የሚያየው። ከኪሱ የራሱን ፊሽካ ሲያወጡበት አልታገለም፤ በላይነህ የተመታበትን የመረቡን ካስማ ብረትም ከውኃው ዳር አገኙት።

«ኳሷን አምጣ አልኩት እንጂ ሙት አላልኩትም» አለ በመጨረሻ። «በላይነህ ቢከሰኝ ይሻለኝ ነበር። ስመለስ ጠብቆኝ ‹አልከስህም፣ ሂድና ለእናቱ ራስህ ንገራት› አለኝ። በምን ዓይኔ ላያት?»

መኪናው ኩማን ሊወስድ መጥቶ ታምሩን ይዞ ሄደ።

እሁድ ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። በአሰልጣኙ ቦታ ባዶ ወንበር ተቀምጧል። ከጎሉ ጀርባ፣ ይልማ ፈልጎ ያመጣት ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች፤ ልጇ ሙሴ እንዴት እንደሞተ ካሳሁን ራሱ ጠዋት ነግሯት አብረው አልቅሰዋል።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። እንግዳው ቡድን ኳሷን ይዞ ተነሳ። አሥራ አንዱ ልጆች ግን አልተንቀሳቀሱም። እንዳሉ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ውኃው ላይ ምንም አልነበረም፤ ምንም ባለመኖሩ ነው ይልማን ብርድ ብርድ ያለው።

ያኔ ኩማ ከጎሉ መስመር ላይ ሆኖ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። ልጆቹም ሮጡ።