ድምፄ የዋሸኝ ቀን

«ሰው ነኝ...»

አህመዲን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለኝ ነገር ይሄ ነው። ወንበር መስሎኝ ጭንቅላቱን ጨብጬዋለሁ! ልቀመጥ ብዬ እጄን ስዘረጋ ያረፈው ጸጉር ላይ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም ብዬ ነው እኮ የገባሁት!» አልኩት በድንጋጤ። «የሚመልስ ሲጠፋ ባዶ ቤት መሰለኝ።»

«በልቤ መልሻለሁ።»

«ልብህን የማይበት ዓይን የለኝም። በአፍህ መልስ!»

ሳቀ። አቤት ያ ሳቅ! ወላሂ፣ እኔ እዚያው አለቀልኝ።

ከሚሊኒየሙ ማግስት ነው። ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ዓይኔን ታመምኩ። የሚያሳክመኝ ጠፍቶ ሰነበትኩና ብርሃኔን እዚያው ትቼ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። የምኖረው ወንድሜ አበጋዝ ቤት ነው። አበጋዝ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሚስቱ የሞተችበት የከላላ ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነበርና፣ «እኔ ነገ ብሞት ማን ያይሻል?» እያለ ይጨቀጭቀኛል።

አህመዲን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የአጅባር ልጅ ነው። ወደኛ ከተማ የመጣው ለአንድ የአዲስ አበባ ማኅበር የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊሠራ ነው። ማየት የማይችል፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓረብ አገር ላለ ዘመዱ በድምፁ መልእክት የሚልክበት ነው። እኔን የፈለገኝ ለትርጉም ነበር። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ይዤዋለሁ፣ ዓረብኛውን ጅዳ አስተምራኛለች። ሥራው በማኅበሩ ሰዎች ፊት ተፈትኖ ከተሳካ አሠልጣኝ ሆኜ እንደምቀጠር ተነገረኝ።

«እስከዚያ ቀን ታገሰኝ» አልኩት አበጋዝን።

«ከተቀጠርሽ ሽማግሌዎቹን እኔው እመልሳቸዋለሁ። ካልሆነ ግን እህቴ... ከላላ ነሽ።»

ነገሩ እንግዲህ ይሄ ነበር። ሥራው ከሆነ እኖራለሁ፣ ካልሆነ እዳራለሁ።

አህመዲን ስለ ሥራው ሲያወራ ብቻ ነው አፉ የሚፈታው።

«ስክሪኑን ለሦስት ሰው ነው የምሠራው» አለኝ አንድ ቀን። «ከኔ በኋላ ፕሮግራሙን ለሚረከበው ባለሙያ፣ ለተርጓሚው፣ ለማያየው ሰው። ሦስቱንም ማስቸገር የለበትም።»

«ተርጓሚዋም እኔ፣ የማላየውም እኔ! ታዲያ ለኔ ነው የምትሠራው በለኛ!»

ዝም አለ። ሲያፍርም ዝም ነው፣ ደስ ሲለውም ዝም ነው፣ ሲጨንቀውም ዝም ነው። የቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ስንት ቀን ጆሮዬን አቁሜያለሁ መሰላችሁ!

ስክሪኑ ላይ የሚጫኑትን ሳጥን «በተን» ይለዋል። የእንግሊዝኛው ቃል አጭር ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። እኔ የማመጣለት አማርኛ ግን ተርፎ ይወጣል።

«ጠይባ፣ ይሄ ቃል አልገባ አለኝ። አሳጥሪልኝ።»

«ሳጥኑን አስፋ እንጂ ቃሉ ምን አደረገህ! ጫማ ጠበበ ተብሎ እግር ይቆረጣል?»

ያኔ አማርኛ የሚያነብ ማሽን አላገኘንም ነበር። ስለዚህ የየበተኑን ስም በኔ ድምፅ ቀዳን። ታብ የምትባለዋን ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር የራሴ ድምፅ የደረስኩበትን ይነግረኛል። የምፈልገው ጋ ስደርስ እጫነዋለሁ።

«በይ፣ ላክ በዪ» አለኝ ስንቀዳ።

«ላክ!»

«ተቆጣሽ። ለስለስ አድርጊው።»

«ላክ...»

«አሁን ደግሞ... በጣም ለሰለሰ» አለ።

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ ላክ ባይ? አንተስ ሽማግሌ አትልክም?» አልኩት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም! ፊቴ እሳት ሆነ።

«ፈተናው ይለፍና... ለእናቴ እነግራታለሁ። ኢንሻአላህ።»

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት መሬት ረግጬ አይመስለኝም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እማማ አሰጋሽ ቤይሩት ላለች ልጃቸው መልእክት ሊልኩ ከአጠገቤ ተቀመጡ። ልጅቷ ከሄደች ድምፃቸውን ሰምታ አታውቅም።

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ» አሉ ወደ ማይኩ ጎንበስ ብለው። «ያባትሽን መርዶ እንዲህ በሩቁ ሳረዳሽ አንጀቴ...» አልጨረሱትም። እኔም እንባዬን ዋጥ አድርጌ ታብን ተጫንኩ። «ላክ» አለኝ ድምፄ። ተጫንኩት።

«ኧረ አጠፋችው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«አላጠፋሁም! ላክ ነው ያለኝ!»

«ስክሪኑ ላይ እኮ ጠፍቷል ይላል።»

«ምነው ልጄ፣ አልደረሰም እንዴ?» አሉ እማማ አሰጋሽ።

ምን ልበላቸው? ያንን መርዶ ድገሙልኝ ልበላቸው? አህመዲን ጎኔ ቆሟል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። እጅጌውን ያዝኩት።

«ንገራቸው እንጂ! አልተሳሳተችም በላቸው!»

ዝም። ይሄኛውን ዝምታ አላወቅሁትም።

ከማኅበሩ የመጡት ሴትዮ ትከሻዬን ዳበስ አደረጉኝ። «አይዞሽ የኔ እህት፣ ያጋጥማል። ለሥልጠናው ግን የሚያይ ሰው ብንቀጥር ይሻላል» አሉ።

አበጋዝ አዳራሹ ውስጥ ነበርና እጄን ይዞ ወደ ቤት መለሰኝ። በር ላይ ስንደርስ፣ «እህሳ?» አለኝ።

«እሺ በላቸው» አልኩት። ሌላ ምን አለኝ?

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ከከላላ መጡ፣ የመታጨቴ ማሰሪያ ፋቲሃ ተቀራ። ፋቲሃ የተቀራበትን ቃል ልጅቷ ብቻዋን አታፈርሰውም። የሚያፈርሰው ሌላ ሽማግሌ ሲገባ፣ ይቅር ለእግዜር ሲባባሉ ነው።

አህመዲን ከዚያ በኋላ እያለከለከ መጣ።

«ጠይባ፣ አገኘሁት! አንቺ አልተሳሳትሽም!»

«ምኑን ነው ያገኘኸው?»

«ቃሎችሽ እንዲገቡ ሳጥኖቹን ሳሰፋ ቦታ አቀያየርኳቸው። ድምፅሽን ግን ያሰርኩት ከበተኑ ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር ነበር። «አጥፋ» ሲዛወር «ላክ» የነበረበት ቦታ ላይ ገባ፣ ድምፁ ግን ባለበት ቀረ። በዓይኔ እያየሁ ነው የሞከርኩት... ለዓይን ልክ ነበር።»

የገዛ ድምፄ ነው እንግዲህ የዋሸኝ። ግን ከዚያ በላይ አንድ ነገር ያንገበግበኝ ነበር።

«ያን ቀን ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺ የተሳሳትሽ... መስሎኝ ነበር። አዘንኩልሽ።»

«አንተም?»

አዳራሹ ሙሉ ሰው ሲያዝንልኝ እንዲህ አልታመምኩም።

«ይቅር በዪኝ። ለማኅበሩ ነገርኳቸው እኮ! ሰው ቀጥረናል አሉኝ።»

«ፋቲሃ ተቀርቷል አህመዲን።»

«ሰማሁ...»

«አበጋዝ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ካስገባህ ይሰማሃል።»

«እናቴ... የማታይ ምራት አልፈልግም ብላለች። ምን ላድርግ ጠይባ?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

እወደው ነበር! ተናድጄም፣ ተቃጥዬም እወደው ነበር። በሩን ዘጋሁና እዚያው በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እሱም ከውጭ ተቀምጦ ኖሮ ሲያለቅስ ይሰማኛል። ሁለታችንም የማንረባ!

ባሌ ሙሐመድአሚን ደግ ሰው ነው፣ ላማርር አልችልም። ልጆቹም «እማ» ብለውኛል። ከላላ ተዳርቼ ስንት ክረምት አለፈ። ያቺን የሠርጌን ጠዋት ግን ሳልነግራችሁ አልቀርም።

ባለቤቴ የሚኖርበት መንደር መኪና አይገባበትም፣ በቅሎ ላይ አወጡኝ። ሴቶቹ እልል ይላሉ። በመሐል አንድ እጅ እርካቡን ያዘ። ሳይናገር በትንፋሹ አወቅሁት።

«ጠይባ... አስተካከልኩት። አሁን በተኑ የትም ቢዛወር ድምፅሽ አብሮት ነው የሚሄደው።»

«እኔስ ከማን ጋር ልሂድ አህመዲን?»

አበጋዝ ልጓሙን እንደያዘ ሰማኝ። መጎተት ሲችል አልጎተተም፣ ጠበቀ። እልልታውም ጋብ አለ። ሁሉም የአህመዲንን አፍ ይጠብቅ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር እወርድ ነበር። ወላሂ፣ ባጌጥኩበት እወርድ ነበር!

እርካቡን ለቀቀው።