ስድስት ቮልት

ህሩይ ሬዲዮ ሊያሠራ ገብቶ ልቡን አስይዞ ወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው።

የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ሹፌር ነው። ጎንደር ፒያሳ ወዳለው የአያ አስናቀው ሬዲዮ ቤት የገባ ለታ በጋቢ የጠቀለለውን ብረት እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር። አባቱ ትተውት ከሞቱት አሮጌ ቮልስ የነቀለው የማኪና ሬዲዮ ነው።

«አያ አስናቀው፣ ይኸን ያናግሩልኝ» አለ።

ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል። ዳበሱት፣ አገላበጡት። መልሱ የመጣው ግን ከጠረጴዛው ሥር ነው።

«ክዳኑ ይከፈት!»

ህሩይ ደነገጠ። የወደቀ ብሎን ስትፈልግ የነበረች ልጅ አቧራዋን እያራገፈች ብቅ አለች። የአያ አስናቀው ልጅ ፀደንያ ናት። ክዳኑን ፈትታ ውስጥ ያሉትን አራት የመስታወት አምፖሎች አንድ በአንድ አየች፤ ላያቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አነበበች።

«ሸጋ ዕቃ ነው። አምፖሎቹ ካልጋሉ ድምፅ አይሰጥም። ደግሞ ስድስት ቮልት ነው። የሚኒባስህ ባትሪ አሥራ ሁለት ነው፤ ካገናኘኸው ደኅና ሰንብት በለው!»

«ሚኒባስ እንዳለኝ በምን አወቅሽ?»

«መንገዱን ዘግተህ አቁመህ ነዋ! ጥሩምባውን አትሰማም?»

ህሩይ እየሮጠ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰበብ አላጣም፤ በየሁለት ቀኑ ከደጃቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ የበሰበሰውን ሽቦ ስትቀይር፣ ዝገቱን ስትፍቅ አጠገቧ ተቀመጠ። በመጨረሻም ሽማግሌ እልካለሁ አላት። «ላክ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

አያ አስናቀውም ለፀደንያ አንድ ነገር ነግረዋታል። «ደክሞኛል፣ ሱቁን እለቃለሁ። ይኸን አሮጌ ካናገርሽው ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልሆነ የእኅቴ ልጅ አለነ ስልክ ይሽጥበት።» ፀደንያ ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚያች ጠረጴዛ ሌላ የተመኘችው አልነበረም። ህሩይ ይኸን ያውቃል።

ሐሙስ ሥራው አለቀ። ቅዳሜ በአባቷ ፊት ልትከፍተው ሆነ። ከዚያ በፊት ለህሩይ ሰጠችው።

«ከቮልሱ ቀዳዳ ልክ መግባቱን ብቻ እየው። አደራ፣ ባትሪ እንዳታስነካው!»

«አደራሽን አልበላም።»

በላ እንጂ! አምባ ጊዮርጊስ ቤታቸው፣ እናቱ እማማ ወለላ ሬዲዮው ከቮልሱ ሲገባ ባዩ ጊዜ እንባቸው መጣ። «አባትህ ዜና የሚሰማበት... ምነው አንዴ ብቻ ብታሰማኝ?» የእናት ልመና ማን ይችላል? ቮልሱ ባትሪ የለው፤ ሚኒባሱ ከጎኑ ቆሟል። ለአፍታ ቢነካ ምን ይሆናል ብሎ ሽቦውን አገናኘ። አምፖሎቹ ቦግ አሉ፣ ጢስ ጢስ ሸተተ፣ አለቀ።

ዓርብ መለሰላት።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አላት። ይኸው ነው ያላት። ምነው አትናገርም፣ አንተ ሰው!

ቅዳሜ አያ አስናቀው፣ አለነና ህሩይ ከበቧት። የስድስት ቮልቱን ባትሪ አገናኘች። ጠበቁ። ደግሞ ጠበቁ። ምንም!

«አፍንጫዬ አልታወረም!» አሉ አባቷ። «ሸተተኝ። አቃጠልሽው!»

ፀደንያ ክዳኑን ፈትታ ሁለት የጠቆሩ አምፖሎች አየች። ከዚያ ቀና ብላ ህሩይን አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

«አዎ አባዬ፣ ተቃጥሏል» አለች። ክዳኑን መልሳ ገጠመች።

«እንግዲያው ነገ ቁልፉን ለአለነ አስረክባለሁ!»

ያቺ ነገ ሽማግሌ የሚላክባት እሑድ ነበረች። ህሩይ አልተኛም። ቢናገር አደራ ለበላ ሰው ልጁን የሚሰጥ የለም። ዝም ቢል እሷን ያገኛል፣ እሷ ግን ጠረጴዛዋን ታጣለች...

እሑድ ህሩይ የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች አያ አስናቀው ቤት ገቡ። እሱ እንደ ወጉ ከደጅ ቀረ። ቀጥሎ አለነ ቁልፍ ሊቀበል እየሳቀ ሲገባ ባየ ጊዜ ወጉም ቀረ፤ ተከትሎት ገባ።

«አያ አስናቀው! ሬዲዮውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ከሚኒባሱ ጋር አገናኘሁት። ልጅዎን ባይሰጡኝም ቁልፉን ለእሷ ይስጧት!»

የአለነ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ አንዱ ሽማግሌ በቀስታ።

አያ አስናቀው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«ክዳኑን እንደከፈትኩ። አሥራ ሁለት ቮልት የበላው አምፖል ያስታውቃል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ቁልፉን ልታጪ!»

«ብናገር ቁልፉን አገኝ ነበር፣ አባዬ። ሰውየውን ግን አላውቀውም ነበር።»

አያ አስናቀው ተነሡ። ከዚያ ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፉን በእጇ አኖሩት። «አለነ፣ አንተ ስልክህን እዚያው ሽጥ። እናንተም ጥያቄያችሁን ለእሷ አቅርቡ።»

«ሬዲዮው ሲናገር እመልሳለሁ» አለች ፀደንያ፣ አሁንም ኮስተር እንዳለች።

የአምፖሎቹን ቁጥር በመዳፉ ላይ ጻፈችለት። ህሩይ ጠዳ ወረደ፣ እስከ ድብ ባሕር ዘለቀ፤ የድሮ የቤት ሬዲዮ ያለው እየጠየቀ ስንት ሰው ሳቀበት! ካመጣቸው ውስጥ ዘጠኙን ጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት አስቀረች።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ቮልሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እማማ ወለላ በሩን ይዘው ቆሙ። ፀደንያ ያመጣችውን የስድስት ቮልት ባትሪ አገናኝታ የሬዲዮውን መክፈቻ አዞረች። ዝም አለ። ህሩይ ጆሮውን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ።

«ሞተ?»

«ዝም በል፣ እስኪግል ነው።»

እጁን ያዘች። እም... የሚል ድምፅ መጣ፣ ተንሿሿ፣ ከዚያም አንድ ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀመረ። እማማ ወለላ እልልታቸውን አቀለጡት!

«እና... መልሱስ?» አለ ህሩይ።

ፀደንያ የጤፉን ሰውዬ ድምፅ ቀነስ አደረገችው።

«ሽማግሌዎቹ ይመለሱ» አለች። «መጀመሪያ ግን ሚኒባስህን አንሳ፤ ዛሬም መንገድ ዘግተሃል!»