የአራት ወር ጋዝ

መምህር ሙሉቀን ክብሪቱን ወደ ጠርሙሱ አፍ ሲያስጠጉ ሰማያዊ ነበልባል ቦግ አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

«ከየት አመጣችሁት?» አሉ መምህሩ።

«ከይፋግ፣ የለተሥላሴ አባት ማሳ አጠገብ» አለች ፍቅርተ ፈጠን ብላ። «ከዐለት ስንጥቅ ነው የሚወጣው። የተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ቲቸር።»

ለተሥላሴ አቀረቀረች። የምን ዐለት! ሁለቱ ጋዙን የሰበሰቡት ውሃ ከተኛበት የሩዝ ማሳ ነው፤ ጭቃውን በእንጨት እየወጉ፣ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን በተደፋ ጠርሙስ እየያዙ። ግን መምህሩ ወዲያው ባሕር ዳር ለሚካሄደው የሳይንስ ዐውደ ርእይ ስማቸውን መዘገቡ። እሷም ደስ ስላላት ፍቅርተን አላረመቻትም።

ማታ ደብረ ታቦር በተከራየችው ክፍል ለዐውደ ርእዩ ፖስተር ስታነብ ግን ቅር ቅር ይላት ጀመር። የተፈጥሮ ጋዝ መነሻው በጥንት ባሕር ወለል ላይ የሞቱ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ደለል ይጫናቸዋል፣ የምድር ሙቀት ያበስላቸዋል፤ ይህ ሁሉ ሚሊዮን ዓመታት ይፈጃል። ጋዙ ሽቅብ ሲወጣ ጥቅጥቅ ያለ ዐለት ከከደነው እዚያው ታፍኖ ይቀራል። አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ኢቴንና ፕሮፔንም አይጠፉበትም።

አባቷ ዘንድ ደወለች። «አባየ፣ ማሳው ውስጥ ያለው ገለባ መቼ የገባ ነው?»

«ሰኔ ስናርስ የገለበጥነው ነዋ። እዚያው በስብሶ ማዳበሪያ ይሁን ብለን። ምነው ልጄ፣ ገለባም ፈተና ላይ ይመጣል?»

ሳቋ አመለጣት። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሚቴን ውሃ ሥር ከበሰበሰው ከዚህ ገለባ የወጣ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጳጉሜንም ብትጨምርበት፣ አራት ወር ከምናምን።

ጠዋት ለፍቅርተ ነገረቻት።

«ሚቴን ያው ሚቴን ነው» አለች ፍቅርተ። «ዕድሜውን ማን ይጠይቀዋል? ደግሞ ባሕር ዳር ልሄድ ነው ብዬ ለእናቴ ነግሬያታለሁ።»

«እኔም መሄድ እፈልጋለሁ፣ በጣም። ግን የአባየን ማሳ ዐለት ነው ብዬ ሰው ፊት አልቆምም።»

«ቢሰርዙንስ?»

«ይሰርዙን።»

ለተሥላሴ ፖስተሩን ገልብጣ በጀርባው «ከሩዝ ማሳ የተገኘ ሚቴን» ብላ መጻፍ ጀመረች። ፍቅርተ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ የሚጠቀለለውን የወረቀቱን ጫፍ ያዘችላት።

«አራት ወር የሚለውን በትልቁ ጻፊው» አለች። «የዚያኛውን ሚሊዮን ዓመት ደግሞ ከጎኑ። ልዩነቱ ይታይ።»

ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መምህራን ክፍል ሄዱ። በሩን ያንኳኳችው ፍቅርተ ነበረች።