«ትንፋሽ ይያዙ» ያለው የገዛ ድምፄ

የጋኔን ወሬ ሲጀመር ነጠላዬን አስተካክዬ ከመሀል የምነሳ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ያደግኩት ደብረ ታቦር ነው፣ በጋፋት መንገድ በቀትር ሰው ብቻውን አይለፍ በሚባልበት ዘመን እኔ በዚያው መንገድ፣ በዚያው በቀትር፣ ደብተሬን ታቅፌ ከትምህርት ቤት የምመለስ ልጅ ነበርኩ፣ አንድም ቀን የገጠመኝ ነገር የለም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ድፍረትሽ አንድ ቀን ጉድ ያመጣብሻል» ትለኝ ነበር፣ እኔም እስቃለሁ። ዛሬም ቢሆን ጋኔን አለ ብዬ ልሰብካችሁ አልመጣሁም፣ የሆነውን ነው የምነግራችሁ፣ ካመናችሁ እሰየው፣ ካላመናችሁም አልለምናችሁም።

የምሠራው ከተማችን ውስጥ ነው፣ የተቋሙን ስም ተዉት፣ የሲቲ ስካን ባለሙያ ነኝ። አዲሱ ማሽን ከተተከለ ወዲህ፣ ስትሮክ የመታው ሰው ሲመጣ፣ ደም በአንጎሉ ውስጥ የት ድረስ እንደሄደና የት ላይ እንደቀረ በቀለም እናያለን። ቀዩ የሞተው ነው፣ አረንጓዴው ደግሞ ደም ተርቦ እያጣጣረ ያለው፣ ቶሎ ከተደረሰለት የሚተርፈው ነው። አረንጓዴው ሰፊ ከሆነ ሐኪሙ የረጋውን ደም የሚያሟሟውን መርፌ ይሰጣል፣ ሁሉም ቀይ ከሆነ ግን መርፌው ራሱ ደም አፍስሶ ሰውየውን ሊገድለው ስለሚችል አይሰጥም። በቃ፣ የሰው ዕጣ በቀለም ነው የሚለየው።

ማሽኑ ሲተከል ደግሞ ለታካሚ የሚሰማውን መመሪያ በአማርኛ የሚቀዳ ሰው ተፈለገና እኔው ቀዳሁት። ሁለት ነገር ብቻ ነው ያልኩት፣ «ትንፋሽ ይያዙ» እና «አሁን ይተንፍሱ»። ለደረትና ለሆድ ነው የምንጠቀምበት፣ ለጭንቅላት ምርመራ አያስፈልግም።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ነው፣ ሌሊት እንዳይመስላችሁ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ከጉና ተራራ ሥር አንድ ገበሬ በአምቡላንስ መጡ፣ አያ ታከለ ይባላሉ፣ ስልሳውን የተሻገሩ፣ ጠንካራ ትከሻ ያላቸው ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሙት ሆኗል፣ አፋቸው ተጣሟል፣ አንዲት ቃል አይወጣቸውም፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ወደ ግራ ተተክለው ቀርተዋል። ሚስታቸው እትዬ የሺ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ፣ ከአልጋው አጠገብ ቆመው የባላቸውን ጋቢ ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል።

ዶክተር ናትናኤል፣ ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ «እማማ፣ መቼ ነው የወደቁት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አላየሁማ፣ ልጄ! በማለዳ በአሥራ ሁለት ሰዓት ድንች ልቆፍር ብሎ ደህና ወጣ። በአራት ሰዓት ቁርስ ይዤ ብሄድ ትልሙ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘሁት። ወንድሙ ‹ለክፎት ነው፣ ጸበል እንውሰደው› ቢል እምቢ አልኩት። ጸበሉ የትም አይሄድብኝም፣ እሱ ግን እየሄደብኝ ነው አልኩት። በቃሬዛ አሸክሜ እስከ መኪናው መንገድ አወረድኩት።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞር ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያለን አንድ መርፌ ነው፣ አንድነቱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ፣ የወደቁበት ሰዓት አለመታወቁ ነው። በማለዳው ወድቀው ከሆነ አልፏል። የደም ፍሰቱን አሳዪኝ።»

መጀመሪያ ያለ መድኃኒት ጭንቅላታቸውን በማሽኑ አነሳሁ፣ የፈሰሰ ደም የለም፣ ጥሩ። ከዚያ ምስሉን የሚያደምቀው ፈሳሽ በደም ሥራቸው እንዲገባ አዘጋጅቼ፣ ጭንቅላታቸውን በማሰሪያው አስሬ፣ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ተመለስኩ። ዶክተሩ እትዬ የሺን ስለ መርፌው ሊያስረዳ ኮሪደር ወጣ። በእኔና በአያ ታከለ መካከል ያለው መስታወት ብቻ ነው። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ማሽኑ መሽከርከር ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ድምፄን የሰማሁት። «ትንፋሽ ይያዙ።»

በስህተት የነካሁት ቁልፍ አለ ብዬ ሰሌዳውን አየሁ፣ ምንም የለም። እሺ፣ አልኩ፣ አሁን «ይተንፍሱ» ይላል። አላለም። ቆየሁ፣ አሁንም አላለም። ቀና ብዬ በመስታወቱ ባይ፣ እመብርሃንን ስላችሁ፣ የአያ ታከለ ደረት ቀጥ ብሏል፣ ጋቢው አይነሳም፣ አይወርድም። እኚህ ሰው ከመጡ ጀምሮ የተነገራቸውን አንዲት ነገር አልሰሙም፣ እጅዎን ያንሱ ሲባሉ አላነሱም፣ ምላስዎን ያውጡ ሲባሉ አላወጡም፣ ይህችን ግን ሰምተው ታዘዙ።

ማይኩን ተጫንኩና «አያ፣ ይተንፍሱ! ይተንፍሱ!» ብዬ ጮህኩ። ደረታቸው ተነሳ።

እፎይ ሳልል መስታወቱ ተንኳኳ፣ በጥፍር እንደሚንኳኳ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከእሳቸው ሌላ ሰው በሌለበት በኩል። ወደ ግራ ተተክለው የነበሩት ዓይኖቻቸው ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ጭንቅላታቸውም በማሰሪያው ውስጥ ተከተለ፣ ባዶውን ጥግ ማየት ጀመሩ። አስታማሚን እንደሚያዩ ነው የሚያዩት። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ኮሽ አለና እንደገና የእኔው ድምፅ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ በሐዘኔታ።

«ተይው።»

ልብ በሉ፣ ይህን ቃል አልቀዳሁትም። ደግሞም እኔ በአባቴ ዕድሜ ያለን ሰው «እሱ» ብዬ አላውቅም። ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ግን ከፍርሃቱ በላይ የመጣብኝ ንዴት ነው፣ የማንም ይሁን የማን፣ የእኔን ድምፅ ሰርቆ፣ የእኔን ታካሚ ተይው ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

«አልተውም!» አልኩ፣ ማይኩ ክፍት እንደሆነ። «ሰምተሽኛል? አልተውም!»

ማሽኑ ጨርሶ ቆመ። ዶክተር ናትናኤል በጩኸቴ ደንግጦ ገባ። «ምን ሆነሻል? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለኝ፣ መልስ ሳይጠብቅ ግን ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። እኔም አየሁ። የግራው አንጎል በሙሉ ቀይ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አረንጓዴ የሚባል ጠብታ የለም።

«አልቋል» አለ ዶክተሩ። «ለሚስታቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግራቸውም» አልኩት። «ጭንቅላታቸው ተንቀሳቅሷል፣ ምስሉ አይታመንም፣ እንደገና ይነሳ።»

«ያን ፈሳሽ ሁለተኛ ስንሰጣቸው ኩላሊታቸውስ? ደቂቃውስ?»

«ኩላሊት ኋላ ይታያል። ምስሉ ከተሳሳተ የገደልናቸው እኛ ነን። አንተ እዚህ ቁልፉን ተጫን፣ እኔ ገብቼ እይዛቸዋለሁ።»

ዶክተሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፣ ለዚህ እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ከባዱን የጨረር መከላከያ ለብሼ ገባሁ። ክፍሉ ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ነው፣ ያን ቀን ግን ቅዝቃዜው በአንድ በኩል ብቻ ነበር፣ በቀኛቸው በኩል። እኔ በግራቸው ቆሜ ደህናውን እጃቸውን ያዝኩ፣ «አያ፣ እኔ ነኝ፣ አይዞዎት፣ አይንቀሳቀሱ» አልኳቸው። ማሽኑ ተሽከረከረ። ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸው፣ ያ ሙት የሆነው፣ ከአልጋው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተነሳና አየር ላይ ቀረ። ጣቶቹ አልተጨበጡም፣ ክንዱ አልተወጠረም፣ ልክ ሰው አንጓው ላይ ይዞ እንዳነሳው እጅ ተንጠልጥሏል። እኔ የግራውን ይዣለሁ፣ ያኛውን ማን ነው የያዘው?

«ልቀቂ» አልኩ። ለምን በሴት እንደተናገርኩ አትጠይቁኝ። «ልቀቂ አልኩሽ፣ ሚስታቸው ደጅ ላይ ቆመዋል!»

እጁ ዱብ ብሎ ወደቀ።

ዶክተሩ ከውጭ መስታወቱን ሲደበድብ ሰማሁ፣ በደስታ ነው፣ በጣቱ ስክሪኑን ያሳየኛል። ወጥቼ አየሁ። መሀል ላይ የአተር ክክ የምታህል ቀይ፣ ዙሪያዋን ግን የሐምሌ መስክ የመሰለ አረንጓዴ። በሁለቱ ምስሎች መካከል ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ያው ሰው፣ ያው አንጎል። መርፌው ወዲያው ተሰጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቀኝ ጣታቸው ተነቃነቀ፣ ማታ ላይ ደግሞ አያ ታከለ ምላሳቸው እየተሳሰረ «የሺ» ብለው ተጣሩ፣ እትዬ የሺ መሬቱን ሳሙ።

በማግስቱ ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። እጁ የተነሳው በጡንቻ መኮማተር ነው አለኝ፣ ምስሉ የተበላሸው በመንቀሳቀሳቸው ነው፣ ድምፁ የሽቦ ችግር ነው። መልካም። እኔም የተማርኩት ሳይንስ ነው፣ መንቀሳቀስ ምስል እንደሚያበላሽ እሱ ሳይነግረኝም አውቃለሁ። የማሽኑ ጥገና ባለሙያ መጥቶ የተቀዳውን ሁሉ ከፍቶ አሰማን፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ፣ «ትንፋሽ ይያዙ»፣ «አሁን ይተንፍሱ»። «ተይው» የሚል የለም። ሽቦ ደግሞ ቃል አይፈጥርም።

በሦስተኛው ቀን አያ ታከለን ልጠይቅ ወደ ተኙበት ክፍል ሄድኩ። እትዬ የሺ አጥሚት እያጠጧቸው ነው። አተኩረው አዩኝና፣ ቃል እየፈለጉ፣ «ሁለት ነበራችሁ» አሉኝ።

«ማን ማን፣ አያ?»

«አንቺና አንቺ። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ያዘችኝ።»

እትዬ የሺ «ተይው ልጄ፣ ገና አልጠራለትም» አሉኝ። እሳቸው «ተይው» ሲሉ ሰውነቴን እንዴት እንደወረረኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራ ቀይሪ ያሉኝ አሉ፣ ጸበል ግቢ ያሉኝ አሉ፣ ድምፁን አጥፍተሽ በሌላ ሰው አስቀጂው ያለኝም አለ። አላስቀዳሁም! የእኔ ድምፅ ነው፣ ለምን እለቅላታለሁ? ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ፣ ስትሮክ ተብሎ የመጣን ሁሉ አነሳለሁ፣ ከሰዓት እሽቀዳደማለሁ፣ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ከቀላ ደግሞ ደጋግሜ አየዋለሁ።

አያ ታከለ በወሩ ለቀጠሮ መጡ፣ በምርኩዝ ቢሆንም በገዛ እግራቸው፣ አንደበታቸውም ተፈቷል። ሲጨርሱ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። እትዬ የሺ ባጃጅ ሊጠሩ ቀደም አሉ፣ እኔም ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ያቺ ሌላይቱ ምን አለችዎት?»

ምርኩዛቸውን ጭቃው ላይ ተክለው ቆሙ። «ነገሯ ከእኔ ጋር አልነበረም። ስለ አንቺ ነው የጠየቀችኝ» አሉ።

«ምን ብላ?»

«እሱን አልነግርሽም። እኔ እምቢ ብያታለሁ። ስትመጣ አንቺም እምቢ በያት።»

እትዬ የሺ ደግፈው አሳፈሯቸው፣ ባጃጁ ቁልቁለቱን ወረደ። ከመጣች አላሉም፣ ስትመጣ ነው ያሉት። ትምጣ! እምቢ ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ አውቅበታለሁ፣ ስትፈልግ በድምፄ ትምጣ፣ ስትፈልግ በመልኬ። አንድ ነገር ብቻ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ የምትጠይቀኝን ሳላውቅ፣ በገዛ ድምፄ ስትጠይቀኝ፣ እሺ ያልኩት እኔ ልሁን እሷ በምን ለይቼ አውቃለሁ?